ቃላድ

አያቴ ቃላድ ጣይ ነበር፣
የሰው ርስት በገመድ የሚሰፍር።
«ገመድ አይዋሽም» ይላል፤
«የሚዋሽ ጫፉን የያዘው ነው፤
አንዱ ሲስብ አንዱ ሲያላላ ነው
ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላው።»

እኔም ይኸው በኅዳር፣ ሃርላን ፌሪ፣ ሚኒሶታ፣
የካውንቲውን ካፖርት ደርቤ፣ መዶሻና ችካል ይዤ፣
የፍርድ ቤቱን ሣር እሸነሽናለሁ አሥራ ሁለት ቦታ፤
ስምንት ጫማ በስምንት ጫማ፤
ከዚያ ያለፈ ሁሉ ስሞታ።

ድሮ አንድ ግርግም ብቻ ነበር፣ የሉተራኖቹ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣
አህያው አንድ ጆሮ የጎደለው፤ «በማን ፈቃድ?» ብሎ የጠየቀ
አልነበረም።
ኋላ ጡረተኛዋ መምህርት ኢንግሪድ ሶልበርግ
«ሣሩ ላይ የእኔም ግብር አለ» ብላ ጻፈች።
ዳኛው ስምንት ወር አስበው ፈረዱ፦ «ወይ ለሁሉም፣ ወይ ለማንም።»
ሁለቱም ወገን አሸነፍን አለ፤ የተሸነፈ አልነበረም ማንም።

ተመዘገቡ። ግርግሙ መጣ፤ ባለዘጠኝ ቅርንጫፉ መቅረዝ መጣ፤
የሥጋ ፋብሪካው ሶማሌዎች የቆርቆሮ ጨረቃ ይዘው፣
«እግዜር የለም» የሚሉትም የለም የሚሉበትን ሰሌዳ ተሸክመው፣
ባለቀንድ ፍየል ያስመዘገበ ጎረምሳም ነበር፣
እናቱ ሞተር ሳታጠፋ መኪና ውስጥ ስትጠብቀው።

የእኛዎቹም አልቀሩ። ዲያቆን ይትባረክ ደወለ፦
«አንተ እኮ ውስጥ አዋቂ ነህ፤ ለመስቀላችን መሐሉን ያዝልን።»
«በዕጣ ነው» አልኩት።
«ዕጣማ ሐዋርያትም ተጣጥለዋል፤
ብቻ ወረቀቷን በጥፍርህ አጠፍ ብታደርጋት…»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ጸሐፊዋ በፈንዲሻ ሳህን ዕጣውን በጠበጠች፤
ፍየሉ ለግርግሙ በስተግራ ወጣ።
«ተጽፏል» አለ ዲያቆኑ በሹክሹክታ።
በነጋታው የመቅረዙ ጥላ ከቀትር በፊት ጨረቃዋን ይነካል ተባለ።
ጥላ አይለካም አልኩ።
መዝግብ አሉኝ። መዘገብኩ።

ሰባተኛው ቦታ ላይ ግን አግዳሚ ወንበር አለ፣
ወንበሩ ላይ ሮይ ቴልማን አለ፤
ከነሐሴ ጀምሮ፣ ከነብርድ ልብሱ፣ ከነቴርሞሱ።
ሥፍራው እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ከሰው ይጽዳ ይላል ትእዛዙ።
«እኔስ የት ልመዝገብ?» አለኝ።
ቅጹን ሰጠሁት። ጓንቱን አውልቆ ሞላ፦
የድርጅቱ ስም፦ ሮይ።
የእምነቱ ዓይነት፦ ሲነጋ አያለሁ።
የማሳያው ቁመት፦ ስድስት ጫማ፤ ሲተኛ ሁለት።
ጸሐፊዋ ሁለቴ አነበበችው።
ከዚያ ማኅተሙን አነሳች፦
ቀኑ አልፏል።

ያን ሌሊት በባትሪ ብርሃን ችካሎቹን ነቀልሁ።
ከመቅረዙ አንድ ስንዝር፣ ከጨረቃዋ አንድ፣
ከፍየሉ አንድ፣ ከመስቀላችንም አንድ፤
ክሩን በጥርሴ ይዤ እየሳብሁ፣ እያላላሁ።
አያቴ ቢያየኝ እጄን ይመታኝ ነበር።
አሥራ ሁለት ስንዝር ሲጠራቀም
አንድ አግዳሚ ወንበር ያህላል፤
በስድስትና በሰባት መሐል
በየትኛውም ስም ያልተጻፈ ሣር።
ሮይ ሳይነቃ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስሞታ ደረሰ።
ግርግሙ፣ መቅረዙ፣ ጨረቃዋ፣
«የለም» የሚሉት፣ የፍየሉ ጎረምሳ፣
በአንድ ወረቀት፣ ፊርማቸው ጎን ለጎን፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው፦
«እያንዳንዳችን አንድ ስንዝር ጎድሎናል።»
ከሁሉም በታች ዲያቆን ይትባረክ
በአማርኛ ፈርሟል።